መልእክት የሚሄደው ወደ ስም ሳይሆን ወደ ቁጥር ነው፦ በአንድ ስም በርካታ ስልክ ቁጥር መመዝገብ የሚያስከትለው መደነጋገርና መፍትሔው

በምሥራቅ ጎጃም ዞን ከደጀን ተነሥቶ ቢቸናን፣ ደብረ ወርቅንና ሞጣን አቋርጦ ወደ ባሕር ዳር የሚዘልቀው መንገድ ጤፍና ስንዴ የሚጓጓዝበት፣ አርሶ አደርና ነጋዴ የሚገናኝበት መስመር ነው። ዛሬ ግን ከጭነት መኪናው ቀድሞ የሚደርሰው አጭር የጽሑፍ መልእክት ነው። የእህል ዋጋ፣ የማዳበሪያ መምጣት፣ የቀጠሮ ሰዓት፣ የለቅሶና የሠርግ ጥሪ በእጅ ስልክ ይላካል። የሞባይል ዳታ በሌለበት ወይም በሚቋረጥበት ጊዜ ደግሞ ቴሌግራምም ሆነ ሌላው መተግበሪያ ሥራ ስለሚያቆም፣ ሸክሙን ብቻውን የሚሸከመው ይኸው አጭር መልእክት ነው።

መልእክቱ ከታሰበለት ሰው ሳይደርስ ሲቀር ወይም በሌላ ሰው እጅ ሲገባ የሚያስከትለው ጉዳት ቀላል አይደለም። በቢቸና ዙሪያ የሚኖር አንድ አርሶ አደር ሞጣ ለሚነግድ ወንድሙ «እህሉን ሳልሸጥ የዛሬውን ዋጋ ንገረኝ» ብሎ ጻፈ እንበል። በአርሶ አደሩ የስልክ ማውጫ ውስጥ ወንድሙ በአንድ ስም ሦስት ቁጥር ተመዝግቦለታል፤ አንደኛው ዘወትር የሚሠራበት፣ ሁለተኛው ለኢንተርኔት ሲፈልግ ብቻ የሚጠቀምበት፣ ሦስተኛው ከዓመታት በፊት የተወው ነው። መልእክቱ ወደ ሁለተኛው ቁጥር ሄደ፤ ያ ሲም ካርድ ደግሞ ከስልኩ ወጥቶ ቦርሳ ውስጥ ተቀምጧል። አርሶ አደሩ ምላሽ ባለማግኘቱ እህሉን በቀረበለት ዋጋ ሸጠ። ወንድሙ መልእክቱን ያየው በማግሥቱ፣ ሲም ካርዱን ወደ ስልኩ ሲመልስ ነው። በዚህ ታሪክ ውስጥ ኔትወርኩ አልጠፋም፤ ወንድምም ወንድሙን አልናቀም። የተፈጠረው ስህተት ላኪው ስሙን ተማምኖ ቁጥሩን አለማየቱ ብቻ ነው።

ችግሩ ከየት መጣ?

ቀደም ባለው ጊዜ አንድ ሰው አንድ የእጅ ስልክ ቁጥር ነበረው፤ እሱም በ09 የሚጀምር ነው። ሳፋሪኮም ኢትዮጵያ መስከረም 26 ቀን 2015 ዓ.ም. አገልግሎቱን በአዲስ አበባ በይፋ ከጀመረ ወዲህ በ07 የሚጀምሩ ቁጥሮች ተጨምረዋል። በዚህም የተነሣ አዲስ አበባ ወይም ባሕር ዳር የሚኖር ልጅ፣ ወንድም ወይም ደንበኛ የኢትዮ ቴሌኮምንም የሳፋሪኮምንም ቁጥር መያዙ የተለመደ ሆኗል። ሁለት ሲም ካርድ የሚይዙ ስልኮች በገበያው በብዛት መገኘታቸውም ይህን አቅልሎታል።

ከዚህ ሌላ የአካባቢው አኗኗር የወለዳቸው ምክንያቶችም አሉ። ስልክ የሌላቸው እናት ወይም አባት የሚገኙት በጎረቤት ስልክ በመሆኑ «እናቴ» በሚለው ስም ሥር የጎረቤቱ ቁጥር ይመዘገባል። ቆይቶ እናት የራሳቸውን ስልክ ሲገዙ አዲሱ ቁጥር ከቀድሞው ጎን ይጨመራል፤ የጎረቤቱን ቁጥር ግን የሚያስታውሰው የለም። የኅብረት ሥራ ማኅበር፣ የሆቴል ወይም የመሥሪያ ቤት ስም ሲመዘገብ ደግሞ የኃላፊው የእጅ ስልክና በ058 የሚጀምረው መደበኛ ስልክ አንድ ላይ ይቀመጣሉ። ወደ መደበኛው ስልክ የተላከ የጽሑፍ መልእክት ተነባቢ ሆኖ እንደማይደርስ ብዙዎች ልብ አይሉም።

አደጋው ከፍ የሚለው የተተወ ቁጥር በማውጫ ውስጥ ሲቀር ነው። ለረጅም ጊዜ ጥቅም ላይ ያልዋለ ቁጥር ተመልሶ ለሌላ ደንበኛ ሊሰጥ ይችላል። ያን ጊዜ ለወንድም የተጻፈ የቤተሰብ ምሥጢር ወይም የገንዘብ ጉዳይ ፈጽሞ በማይታወቅ ሰው ስልክ ላይ ይነበባል ማለት ነው።

በስልኩ ውስጥ የሚሆነው ምንድን ነው?

የቴሌኮም ኔትወርክ ስም አያውቅም። «ወንድሜ»፣ «የጤፍ ነጋዴው» ወይም «እናቴ» የሚለው ስም ያለው በስልኩ ማውጫ ውስጥ ብቻ ነው። መልእክት ሲላክ ስልኩ ስሙን ወደ አንድ ቁጥር ይተረጉመዋል፤ ኔትወርኩም የሚያውቀው ያንኑ ቁጥር ነው። በአንድ ስም ሥር ብዙ ቁጥር ካለ፣ ስልኩ ወይ ተጠቃሚውን ይጠይቃል፣ ወይ ቀደም ሲል የተመረጠለትን ቁጥር ይወስዳል።

ስልኮች የተላኩና የደረሱ መልእክቶችን በምልልስ መልክ ሰብስበው ያስቀምጣሉ። በብዙ የአንድሮይድ ስልኮች እያንዳንዱ ምልልስ የሚያያዘው ከአንድ ቁጥር ጋር ነው። ስለዚህ አንድ ሰው ሁለት ቁጥር ካለው፣ በመልእክት ዝርዝሩ ላይ አንዱ ስም ሁለት ጊዜ ተጽፎ ሊታይ ይችላል። ሁለቱ ምልልሶች በስም ቢመሳሰሉም መድረሻቸው የተለያየ ነው። አይፎንን በመሳሰሉ ስልኮች ደግሞ የአንድ ሰው ቁጥሮች መልእክት በአንድ ምልልስ ሥር ተጠቃልሎ ይታያል። ይህ ለዓይን ቢያምርም፣ ምላሹ ወደ የትኛው ቁጥር እንደሚሄድ ይሸሽጋል።

በርካታ ተጠቃሚዎችን የሚያሳስተው ሌላው ነገር የቆየ ምልልስ ነው። አንድ ሰው ቁጥሩን ሲቀይር በማውጫው ላይ አዲሱን ቁጥር መጻፍ ብቻ በቂ አይደለም። የድሮው ምልልስ ከድሮው ቁጥር ጋር እንደተሳሰረ ይቀራል። ተጠቃሚው የቆየውን ምልልስ ከፍቶ ምላሽ ከጻፈ፣ ማውጫው ቢስተካከልም መልእክቱ የሚሄደው ወደ ድሮው ቁጥር ነው።

የመዘግየቱም ምክንያት እዚሁ ይገኛል። አጭር መልእክት ከስልክ ወደ ስልክ በቀጥታ አይጓዝም፤ መጀመሪያ ወደ ቴሌኮሙ የመልእክት ማዕከል ይገባል፤ ማዕከሉም ለተቀባዩ ያስተላልፋል። የተቀባዩ ስልክ ዝግ ከሆነ ማዕከሉ መልእክቱን ለተወሰነ ጊዜ አቆይቶ ደጋግሞ ይሞክራል። በመሆኑም በላኪው ስልክ ላይ «ተልኳል» የሚል ምልክት መታየቱ መልእክቱ ከስልኩ መውጣቱን እንጂ ለተቀባዩ መድረሱን አያረጋግጥም።

ማስተካከያው ደረጃ በደረጃ

የስልኮች ምናሌ እንደየሥሪታቸው ቢለያይም፣ የሚከተሉት እርምጃዎች በአብዛኞቹ ላይ ይሠራሉ።

አንደኛ፣ መልእክት ከመጻፍዎ በፊት ቁጥሩን ይዩ። ምልልሱን ከፍተው ከላይ ያለውን ስም ሲነኩ ቁጥሩ ይወጣል። በ09 የሚጀምረውና በ07 የሚጀምረው ቁጥር ቀሪ አሃዞቻቸው የሚቀራረቡ ከሆነ፣ ዓይን በቀላሉ ስለሚሳሳት የመጀመሪያዎቹን ሁለት አሃዞች በጥንቃቄ ያንብቡ።

ሁለተኛ፣ ለባለቤቱ ደውለው የትኛው ቁጥር እንደሚሠራ ይጠይቁ። ከማውጫው ላይ ቁጥር መሰረዝ ያለበት ከዚህ በኋላ ነው። የተተወውን ቁጥር ያጥፉ፤ የጎረቤት ቁጥር ከሆነ ደግሞ ከእናትዎ ስም አውጥተው በጎረቤቱ በራሱ ስም ይመዝግቡ።

ሦስተኛ፣ የቀሩትን ቁጥሮች መለያ ይስጧቸው። በማውጫው ላይ ከእያንዳንዱ ቁጥር አጠገብ «ሞባይል»፣ «ቤት»፣ «ሥራ» የሚል መለያ አለ። ብዙዎቹ ስልኮች ተጠቃሚው የራሱን ቃል እንዲጽፍም ይፈቅዳሉ። «ዘወትር»፣ «ለዳታ»፣ «መደበኛ ስልክ» ብሎ መጻፍ ከስህተት ያድናል።

አራተኛ፣ ዘወትር የሚሠራውን ቁጥር ነባሪ ያድርጉት። በአንድሮይድ ስልኮች የሰውየውን ስም ከፍተው ቁጥሩን ጫን አድርገው ሲይዙ፣ ቁጥሩን ነባሪ ለማድረግ የሚያስችል ምርጫ ይወጣል፤ ምናሌው በእንግሊዝኛ ከሆነ «ሴት ዲፎልት» የሚለው ነው። ቀደም ሲል በስህተት የተመረጠ ነባሪ ካለም በዚያው መንገድ ማንሣት ይቻላል።

አምስተኛ፣ በድሮው ምልልስ ላይ ምላሽ አይጻፉ። አዲስ መልእክት ከፍተው ትክክለኛውን ቁጥር በመምረጥ አዲስ ምልልስ ይጀምሩ። በድሮው ምልልስ ውስጥ የሚፈለግ መረጃ ካለ በሌላ ቦታ ገልብጠው ከያዙ በኋላ ቢያጠፉት፣ ወይም ወደ ማኅደር ቢያስገቡት፣ ዳግም በስህተት አይከፍቱትም።

ስድስተኛ፣ ሁሉም ቁጥሮች ከ+251 እንዲጀምሩ አድርገው ይመዝግቡ፤ ከዚያ በኋላ የመጀመሪያው ዜሮ ይቀርና 9 ወይም 7 ይከተላል። እንዲህ የተመዘገበ ቁጥር ከውጭ አገርም ሲደወልበት ይሠራል። አንዱ ቁጥር አንድ ጊዜ በ09 ሌላ ጊዜ በ+251 ተደጋግሞ መመዝገቡንም ያስቀራል።

ሰባተኛ፣ ይሞክሩት። አጭር መልእክት ልከው ደውለው «ደረሰህ ወይ? በየትኛው ቁጥር?» ብለው ይጠይቁ። በመልእክት መተግበሪያው ቅንብር ውስጥ «ዴሊቨሪ ሪፖርት» የሚለውን ቢከፍቱ ደግሞ፣ መልእክቱ ለተቀባዩ መድረሱን ስልኩ ራሱ ሊያሳውቅዎ ይችላል።

ሁለት ሲም ካርድ ለሚጠቀሙ

መደነጋገሩ ሁልጊዜ ከተቀባዩ ወገን ብቻ አይመጣም። ላኪው በሁለት ሲም ካርድ የሚጠቀም ከሆነ አንዱን መልእክት በ09፣ ቀጣዩን በ07 ሊልክ ይችላል። ተቀባዩ አንዱን ቁጥር ብቻ መዝግቦ ከሆነ፣ ሁለተኛው መልእክት ከማይታወቅ ሰው እንደመጣ ሆኖ ይደርሰዋል። «ነገ መኪናው ይመጣል፤ እህሉን አዘጋጅ» የሚል መልእክት ከማይታወቅ ቁጥር ሲመጣ የሚያምነው ጥቂት ነው።

መፍትሔው በስልኩ ቅንብር ውስጥ ወደ ሲም ካርድ ክፍል ገብቶ መልእክት ሁልጊዜ የሚላክበትን አንድ ሲም መምረጥ ነው። «ሁልጊዜ ጠይቀኝ» የሚለውን መምረጥም ይቻላል፤ ያን ጊዜ ስልኩ በየጊዜው የትኛው ሲም እንደሚፈለግ ይጠይቃል። በብዙ ስልኮች የመላኪያው ምልክት አጠገብ 1 ወይም 2 የሚል ቁጥር ስለሚታይ፣ ከመላክ በፊት እሱን ማየት ተገቢ ነው። ከዚህም ጋር ሁለቱንም ቁጥሮች ለቤተሰብና ለደንበኛ አስቀድሞ ማሳወቅ ያስፈልጋል።

ሁለት ሰዎች በአንድ ስም ሲደባለቁ

ሌላው የስህተት ምንጭ የስም መመሳሰል ነው። አንድ ነጋዴ «ይርጋ» ብሎ የመዘገበው የቢቸናውን አርሶ አደርም የሞጣውን ደላላም ሊሆን ይችላል። ስልክ ሲቀየር ወይም ማውጫው ከጉግል አካውንት ጋር ሲገናኝ፣ ስልኩ ተመሳሳይ ስሞችን አንድ እንዲያደርጋቸው ለተጠቃሚው ሐሳብ ያቀርባል። ሳይመረምር የተስማማ ሰው ሁለት የተለያዩ ሰዎችን በአንድ ስም ሥር ይጠቀልላል፤ ለአርሶ አደሩ የታሰበው ዋጋም ለደላላው ይደርሳል።

እንዲህ ተደባልቀው ከተገኙ ስሙን ከፍቶ በምናሌው ውስጥ የተያያዙትን መለያየት የሚለውን መምረጥ ይቻላል። ካልተሳካም አንዱን ቁጥር አጥፍቶ በአዲስ ስም መመዝገብ ነው። ከሁሉ የሚሻለው ግን ከመነሻው የአባት ስምንና ቦታን አብሮ መጻፍ ነው።

በዚህ ላይ ቁልፍ ያላቸውን ቀላል ስልኮች የሚጠቀሙ ሰዎች አንድ ነገር ሊያውቁ ይገባል። በሲም ካርድ ላይ የሚቀመጥ ስም የተመጠነ ቦታ ነው ያለው፤ ለግእዝ ፊደል የሚተርፈው ቦታ ደግሞ ከላቲን ፊደል ያንሳል። ረጅም ስም መጨረሻው ስለሚቆረጥ «ይርጋ» የሚለው ብቻ ሊቀር ይችላል። ስለዚህ መለያውን አስቀድሞ «ሞጣ ይርጋ»፣ «ቢቸና ይርጋ» ብሎ መጻፍ ይመረጣል። ብዙ ቁጥር ያለው ስም ወደ ሲም ካርድ ሲገለበጥ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ተበታትኖ አንዱ ስም ሁለትና ሦስት ጊዜ ይደጋገማል።

የመልእክት ቅደም ተከተል ሲዛባ

ቁጥሩ ትክክል ሆኖ ሳለ መልእክቱ ተዘበራርቆ የሚነበብበት ጊዜም አለ። አንዱ ምክንያት ርዝመት ነው። አንድ አጭር መልእክት በላቲን ፊደል እስከ 160፣ በግእዝ ፊደል ግን እስከ 70 ሆሄያት ብቻ ይይዛል። ከዚያ ሲያልፍ ስልኩ መልእክቱን እያንዳንዱ 67 ሆሄያት በሚይዝ ክፍል ይቆራርጠዋል። ክፍት ቦታና ሥርዓተ ነጥብም ይቆጠራሉ። 150 ሆሄያት ያሉት የአማርኛ መልእክት ሦስት ክፍል ሆኖ ይላካል ማለት ነው፤ ሒሳቡም በሦስት መልእክት ይታሰባል። ተቀባዩ ስልክ ክፍሎቹን መልሶ ያገጣጥማል፤ ኔትወርኩ ደካማ በሆነበት ስፍራ ግን አንዱ ክፍል ሊዘገይ ይችላል። ስለዚህ ዋጋን፣ ቀንንና ቦታን በአንድ አጭር ዓረፍተ ነገር መጻፍ ከወጪም ከስህተትም ያድናል።

ሌላው ምክንያት የስልኩ ቀንና ሰዓት መሳሳት ነው። ባትሪው ወጥቶ የተመለሰ ስልክ ቀኑን ሊስት ይችላል፤ ያን ጊዜ ምላሹ ከጥያቄው በላይ፣ የዛሬው ከትናንቱ በታች ተደርድሮ ይታያል። ቀንና ሰዓት ከኔትወርኩ በራሱ እንዲስተካከል የሚያደርገውን ቅንብር መክፈት በቂ መፍትሔ ነው።

ገንዘብ ሲገባበት

ቴሌብር ግንቦት 3 ቀን 2013 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ ወዲህ ስልክ ቁጥር የገንዘብ አድራሻም ሆኗል። በዚህ ጊዜ የቁጥር መደባለቅ መልእክትን ብቻ ሳይሆን ብርንም ወደ ሌላ ሰው ይወስዳል። ከማውጫ ላይ ስም መርጦ ገንዘብ የሚልክ ሰው፣ የምሥጢር ቁጥሩን ከማስገባቱ በፊት አገልግሎቱ የሚያሳየውን የተቀባይ ስም አንብቦ ከሚያውቀው ሰው ጋር ማመሳከር ይኖርበታል። ስሙ ካልገጠመ ማቋረጥ ነው።

ሌላም ጥንቃቄ አለ። የቴሌብር መልእክት የሚመጣው ከ127 ነው። አንድ ሰው «ቴሌብር» በሚል ስም 127ንም የሚያውቀውን ወኪል የግል ቁጥርም አብሮ ከመዘገበ፣ ከወኪሉ የሚመጣው መልእክት ሁሉ በስልኩ ላይ «ቴሌብር» ተብሎ ይታያል። ያ ቁጥር በሌላ ሰው እጅ ቢገባ፣ የተቀባዩ የራሱ ማውጫ ለአጭበርባሪ ምስክር ይሆንለታል። ስለሆነም የባንክና የቴሌኮም አጫጭር ቁጥሮች ለብቻቸው መመዝገብ አለባቸው፤ ከሰው ቁጥር ጋር ሊደባለቁ አይገባም።

ስህተቱ ከተፈጸመ በኋላ

የተላከን አጭር መልእክት ከተቀባዩ ስልክ ላይ መልሶ ማጥፋት አይቻልም፤ በራስ ስልክ ላይ ማጥፋት የተቀባዩን አይነካም። ስለዚህ መልእክቱ ወደ ሌላ ሰው መሄዱን ያወቀ ሰው ለዚያው ቁጥር «በስህተት የተላከ ነው፤ ይቅርታ» ብሎ መጻፍ፣ ለትክክለኛው ባለጉዳይ ደግሞ ደውሎ መናገር ይጠበቅበታል። ገንዘብ ከሆነ ጊዜ ሳያባክን ለአገልግሎት ሰጪው ማመልከት ያስፈልጋል።

የሌላ ሰው መልእክት የደረሰውም ወገን ኃላፊነት አለበት። «ቁጥሩ ተሳስቷል» የምትል አጭር ምላሽ አንድን ቤተሰብ ከጭንቀት ታወጣለች። ይሁን እንጂ «በስህተት ገንዘብ ልኬልሃለሁ፤ መልስልኝ» የሚል መልእክት ሲመጣ፣ በመልእክቱ ላይ ተማምኖ መላክ አይገባም። በቅድሚያ የራስን ቀሪ ሒሳብ ማየት፣ ቀጥሎም ጉዳዩን በአገልግሎት ሰጪው በኩል መጨረስ ነው።

ይህ ሁሉ ሥራ ከአንድ ምሽት የሚያልፍ አይደለም። በማውጫው ውስጥ ካሉት ስሞች ሁሉ መጀመር አያስፈልግም፤ ቤተሰብ፣ የእህል ደንበኛ፣ የግብርና ባለሙያ፣ የጤና ተቋምና ባንክ ቢቀድሙ ይበቃል። በቤት ውስጥ ስልክ የሚያውቅ ተማሪ ካለ ከወላጆቹ አጠገብ ተቀምጦ ስሞቹን አንድ በአንድ እያነበበ «ይህ ቁጥር የማን ነው?» ብሎ ቢጠይቅ፣ የተረሳው የጎረቤት ቁጥርም የተተወው የወንድም ቁጥርም ይገለጣል። የቢቸናው አርሶ አደርም በሚቀጥለው ገበያ ዋጋ ሲጠይቅ፣ መልእክቱ ቦርሳ ውስጥ ወዳለ ሲም ካርድ ሳይሆን ወንድሙ በእጁ ወደያዘው ስልክ ይደርሳል።